ስንት ትራስ?

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ትምህርት በተከፈተበት ሳምንት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከራት በኋላ ሁለት ገጽ ወረቀት አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «አባዬ፣ መጨረሻው ላይ ፈርምልኝ» አለች። በምንኖርበት በሜሪላንድ ልጅ ያስተማረ ወላጅ ሁሉ እንደሚያውቀው በዚያ ሰሞን ከትምህርት ቤት የሚመጣው ወረቀት ለጉድ ነው፤ የክትባት ማስረጃ፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ፣ የጉብኝት ፈቃድ፣ የኮምፒዩተር ውል። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ሳላነብ የምፈርም አባት ነኝ። ይህኛው ግን ርእሱ አስቆመኝ። «በፈጠራ ጽሑፍ ክፍል ከተማሪዎች የሚጠበቅ» ይላል። መነጽሬን አጠለቅሁ።

መጀመሪያ ያስደነቀኝ ስለ ተሰጥኦ አንድም ቃል የሌለበት መሆኑ ነው። ተማሪው ክፍለ ጊዜው ሲጀመር በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ ብዕሩን ሳያነሣ በደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ የፊደል ስሕተት አይታረምም። ጽሕፈቱ በእጅ ነው፤ ማሽን ለጠየቀው ሁሉ ድርሰት ጽፎ በሚሰጥበት በዚህ ዘመን መምህርቷ የሚፈልጉት የልጆቹን የራሳቸውን ስሕተት እንደሆነ ጽፈዋል። አንድ ድርሰት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ ሦስቱም ረቂቆች፣ የተሰረዘው ከነስርዙ፣ አብረው ይቀርባሉ፤ ማርክ የሚሰጠውም ለመጨረሻው ውበት ሳይሆን ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ለተሄደው መንገድ ነው። ከዚያ ተማሪው ክብ ሠርተው በተቀመጡ ጓደኞቹ መካከል ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል። አንብቦ ሲጨርስ አፉን ይዘጋል። ሌሎቹ ስለ ጽሑፉ ሲነጋገሩ «እኔ ለማለት የፈለግሁት እኮ» ማለት አይፈቀድለትም፤ የሰማውን ይጽፋል እንጂ አይመልስም። ተናጋሪዎቹም በበኩላቸው «አንተ» ወይም «አንቺ» አይሉም፤ «ተራኪው» ይላሉ። በክፍሉ የተነበበ ከክፍሉ አይወጣም። ነገር ግን አንድ ልጅ ራሱን ሊጎዳ እንዳሰበ ወይም ሌላ ሰው እንደሚጎዳው የሚያሳይ ነገር ከተጻፈ መምህርቷ ለሚመለከተው ክፍል የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው። ይህ ግዴታ በእኔም ሙያ ስላለ አላስደነገጠኝም።

ከሁሉም በታች፣ ከፊርማው መስመር በላይ፣ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ስለምታውቁት ጻፉ። ‹አዘነ› አትበሉኝ፤ ያዘነውን ሰው እጅ አሳዩኝ።»

ፈረምሁ። ወረቀቱን ግን ወዲያው አልመለስሁላትም።

እኔ አዲስ አበባ በተማርሁበት ዘመን «ድርሰት» ማለት ሌላ ነገር ነበር። መምህሩ ርእሱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ «የውሃ ጥቅም»፣ «የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዓላማ»። ከእኛ የሚጠበቀው መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ፣ ንጹሕ የእጅ ጽሕፈት፣ መነሻው ላይ አንድ ተረትና ምሳሌ፣ ዘመኑ የደርግ ነውና መድረሻው ላይ አንድ መፈክር ነበር። መፈክሩ ሁለት ማርክ ያስገኝ እንደነበር ዛሬም አስታውሳለሁ። «እኔ» የሚለውን ቃል በድርሰት ውስጥ የጻፍሁበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም። ማን ነኝና!

በአገራችን ፈጠራ የሚያስተምር አልነበረም ማለቴ አይደለም። አባቴ በወጣትነቱ ጎጃም ሄዶ ቅኔ የተማረ ሰው ነበር። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ሲያወራልን ዐይኑ ይበራል። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ከሰው ተለይቶ ጥሻ ውስጥ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ጓደኞቹ እየሰሙ ያቃኑታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ የሌላውን መውሰድማ አይነሣ። አሜሪካኖች ክብ ሠርቶ የመተራረሙን ልማድ እ.ኤ.አ. በ1936 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመው የደራስያን ትምህርት ቤት ጋር ያያይዙታል። የእኛ የኔታዎች ይህን ቢሰሙ ፈገግ ይሉ ነበር።

ሆኖም አባቴ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ሲፈጥር የኖረ ሰው ሆኖ ሳለ ስለ ራሱ አንድ ነገር ሳይነግረን አለፈ። ስለ ጻድቃን፣ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት ይቀኛል። ስለ እናቴ ሞት ግን እኔና እሱ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ስለዚህ በልጄ ወረቀት ላይ ባዕድ የሆነብኝ ፈጠራው አልነበረም፤ «ስለምታውቁት» የምትለው ቃል ነበረች።

የሚያስቀው፣ እኔ ራሴ በሥራዬ ያቺን መምህርት ሆኜ ነው የምውለው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ ያገሬ ሰዎች ናቸው። «ምንዎን ያምዎታል?» ስላቸው «ሁለመናዬን» ይሉኛል። «ከመቼ ጀምሮ?» «ኧረ ቆየ ዶክተር።» «መንገድ ሲሄዱ ይደክምዎታል?» «ደከም ያደርገኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።» ይህ የሕመም ታሪክ ሳይሆን ሰላምታ ነው፤ በሰላምታ ደግሞ መድኃኒት አይታዘዝም። እንዲህ ያለው ሰው ሲገጥመኝ የማወጣት አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ «ሌሊት ስንት ትራስ ይንተራሳሉ?» ልብ ሲደክም ሰው በጀርባው በተጋደመ ጊዜ ሳንባው ውሃ ይቋጥርና ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ሳይታወቀው ትራስ በትራስ ላይ እየደረበ ከፍ ብሎ መተኛት ይጀምራል። እኛም ቁጥሩን በመዝገብ ላይ እናሰፍራለን፤ ሁለት ትራስ፣ ሦስት ትራስ። ደረጃ መውጣት ማቃቱን ከሚስቱ የደበቀ ሽማግሌ የትራሱን ቁጥር አይደብቅም፤ ምን እንደሚያጋልጥበት አያውቅምና። ያችን ጥያቄ የተማርሁባትን ዓመት ኋላ እመለስባታለሁ።

መስከረምና ጥቅምት ያለ ነገር አለፉ፤ ልጄ ራት ላይ እንግዳ ጥያቄ ማብዛቷን ካልቆጠርሁት። «ከአዲስ አበባ ስትወጣ ሻንጣህ ምን ዓይነት ነበር?» «የተማሪዎች ማደሪያችሁ ምን ምን ይሸት ነበር?» «ተይኝ እባክሽ፣ ምን አስታውሳለሁ» እላታለሁ። ሻንጣው ቡናማ ነበር፤ መያዣው በሲባጎ ተጠግኗል። ማደሪያው የተቀቀለ ጎመን ይሸት ነበር። ሁሉን አስታውሳለሁ። በየሐበሻው ቤት ደግሞ ማንም የማይፈርምበት ሌላ «ከተማሪ የሚጠበቅ» ወረቀት አለ፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ቢያቅት ፋርማሲስት። አንድ ወዳጄ ልጄ የፈጠራ ጽሑፍ ክፍል እንደገባች ሲሰማ «ምን ልትበላ?» ነበር ያለኝ። ሳቅሁ እንጂ አልተከራከርሁትም፤ እኔም ሳልፈርም የተቀበልሁት ወረቀት ነውና።

ኅዳር ላይ አራት ገጽ ጽሑፍ ይዛ መጣች። «በሚቀጥለው ሐሙስ የማነበው እኔ ነኝ። ቲቸር በሕይወት ስላለ የቤተሰብ ሰው የጻፈ አስቀድሞ ለሰውየው ያሳይ ብላለች።» በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ርእሱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «አንድ ትራስ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ከሥሩ መናገር ግድ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 በመንግሥት በኩል በተገኘ የነፃ ትምህርት ዕድል በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሌኒንግራድ ገባሁ። (ሌኒንግራድ ገብቼ በሴንት ፒተርስቡርግ የተመረቅሁ ሰው ነኝ፤ በ1991 ስሟን የለወጠችው ከተማዋ ናት እንጂ እኔስ አልተንቀሳቀስሁም።) ከቤት የምትጽፍልኝ ታላቅ እህቴ እትዬ ነበረች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ በቃሏ እየነገረች ታስጽፋታለች። ደብዳቤው «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን» ብሎ ካበቃ በኋላ ከሥሩ የእናቴ ጥያቄዎች ይከተላሉ። ጫማህ ውሃ ያስገባል ወይ? አልጋህ ከመስኮት አጠገብ ነው? ማነው ልብስህን የሚያጥብልህ? እ.ኤ.አ. ከ1987 ጸደይ ወዲህ እነዚያ ጥያቄዎች ቀሩ። ደብዳቤው መምጣቱን አላቋረጠም፤ «እማማ ሰላም ትልሃለች፣ ደህና ናት» ይላል። ጥያቄ ግን የለበትም። እኔም ልብ አላልሁም፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ስለ ጫማው የሚጠይቀው ሲጠፋ ነፃነት ይመስለዋል።

በ1988 መስከረም ሦስተኛ ዓመት ገብተን ልብ ማዳመጥ ጀመርን። ፕሮፌሰሩ ከልቧ በሮች አንዱ የጠበበባትን አንዲት ሴት አልጋ ከበን እንድንቆም አደረጉና ማዳመጫውን በየተራ አስያዙን። ከዚያ ስለ ሕመሟ አመጣጥ ጠየቋት። በልጅነቷ ጉልበቷና ክርኗ አብጦ ለወራት ተኝታ ነበር። አሁን ከገበያ ስትመለስ ሦስት ቦታ ታርፋለች። ሌሊት ብዙ ትራስ ትፈልጋለች። ጆሮዬ ላይ የሴትዮዋ ልብ ይመታል፤ ዐይኔ ላይ ግን እናቴ ዘንቢሏን አስቀምጣ አጥር ተደግፋ ቆማለች። የልጅነት ሕመሟ ይኸው ነበር፤ ማረፊያዎቿን ሳይቀር አውቃቸዋለሁ። ያን ማታ ለእትዬ ጻፍሁ። እማማ ሌሊት ስንት ትራስ ትንተራሳለች? ሌላ ሐተታ አልፈልግም፤ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ።

መልሱ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። «አንድ። አንዳንዴም ያለ ትራስ» ይላል። በኮሪደሩ ውስጥ እየሮጥሁ ሄጄ ለክፍል ጓደኛዬ በሩስኛ ተርጉሜ አነበብሁለት።

በኅዳር አጋማሽ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራት ያገሬ ልጆች የማደሪያዬን በር አንኳኩ። አራት ሐበሻ በዚያ ሰዓት በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሐፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እናቴ ከሞተች ሃያ አንድ ወር ሆኗት ነበር። ትምህርቱን ያቋርጣል ተብሎ ነበር የተደበቀው፤ በመጨረሻም አዲስ የመጣ ተማሪ ሳያውቅ እንዳያፈርጠው ተፈርቶ ተነገረኝ።

ይህን ለልጆቼ ነግሬ አላውቅም። «አያታችሁ እኔ ተማሪ ሳለሁ ሞተች» የሚለው ይበቃል ብዬ ነበር። እትዬ ግን ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ ለልጄ ነግራታለች። ልጄም ስሞቹን ለውጣለች፤ ሌኒንግራድን ቡዳፔስት፣ እህቴን ወንድም አድርጋለች። ትራሱ ግን ያው ትራስ ነው።

ተቆጣሁ። የመጀመሪያው ቃሌም «ይህ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ነው?» የሚል ነበር። ነገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እዚህ አገር ልጆቻችን ሊያመለክቱ ሲሉ ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚቀበሉት ማመልከቻ ላይ ከ650 ቃላት የማይበልጥ ጽሑፍ ስለ ራሳቸው ይጠየቃሉ። የአያት ስደት፣ የአባት እስራት፣ የአጎት መጥፋት በዚያ ልክ ተከርክሞ፣ እንደ ቡና ለውጭ ገበያ ተለቅሞ ሲቀርብ በየወዳጆቼ ቤት አይቻለሁ። ቅሬታዬ ዛሬም አልበረደም። «ስለምታውቁት ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ በሁሉ ልጅ ላይ እኩል አይከብድም። አንዱ የውሻውን ሞት ይጽፋል፤ የእኛ ልጅ ደግሞ ራሷ ያላየችውን የወላጅ ቁስል እንድትገልጥ ይሆናል። መምህርቷ ፊት ብቀርብም ይህንኑ እላቸዋለሁ።

የልጄ ፊት ግን ተለወጠ። «ለማንም ማመልከቻ አይደለም» አለች።

«ታዲያ የቤታችንን ገመና ለምን አደባባይ ታወጪዋለሽ?»

«ገመና ምንድን ነው?»

መልስ አጣሁ። ምስጢር ነው ልላት ነበር፤ አይደለም። ምስጢር ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ነው። የእናቴን ሞት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ሌኒንግራድ ካለነው ሐበሾችም የማላውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። «ማንም የማይጠይቅበት ነገር ነው» አልኋት በመጨረሻ። ደብተሯን ከፍታ ጻፈችው። በዚህ ደግሞ ይብስ ተናደድሁ።

ያንኑ ማታ ለእትዬ ደወልሁ። እኛ ዘንድ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ እነሱ ዘንድ ሊነጋ ሲል ነው። ስልኩን ያነሣችው «ማን ሞተ?» ብላ ነበር። ማንም እንዳልሞተ ምዬ ካረጋጋኋት በኋላ ልጅቱን ለምን እንደነገረቻት ጠየቅሁ። ዝም አለች። ቆይታም «ጠየቀችኛ» አለች። «አንተ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ከ35 ዓመት በላይ ሆኖን ነበር።

ከዚያ ሳልጠይቃት የኖርሁትን ነገረችኝ። ያችን የትራስ ደብዳቤ የጻፈቻት ሦስት ጊዜ ነው። አባባ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እያስነበበ ያርማት ነበር። የመጀመሪያውን ሲሰማ «በዚህ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ቁጥሩን ቀንሺው» አላት። ሁለተኛውንም አልወደደውም። በሦስተኛው «አንድ» ብላ ጽፋ ስታበቃ፣ ልታሽገው ስትል፣ «ቆይ» አለና «አንዳንዴም ያለ ትራስ» የምትለውን አስጨመራት።

«እሱ ነው ያስጨመረሽ?»

«እሱ ነው። ለምን አባባ ብለው አልመለሰልኝም።»

ሰምና ወርቅ የሚባለው ነገር በየመድረኩ ስለምናነሣው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሰለቸኝ ቆይቷል። ያን ማታ ግን ስልኩን እንደያዝሁ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። መቃብር ውስጥ ትራስ የለም። አባቴ ሞቷን ነግሮኝ ነበር። እኔ ደግሞ በኮሪደር ውስጥ እየሮጥሁ፣ ለሰው እያነበብሁ፣ በሩስኛ ተርጉሜዋለሁ።

ወደ ልጄ ክፍል ሄድሁ። መብራቷ አልጠፋም። «ጽሑፍሽ ውስጥ አንድ ስሕተት አለ» አልኋት።

«ልብ ወለድ እኮ ነው አባዬ።»

«ይሁን። መርዶውን ሲሰማ መሬት ላይ ወድቆ አለቀሰ ብለሻል። አላለቀሰም።»

እሷም እንደ ክፍላቸው ሥርዓት አፏን ዘግታ ብዕሯን አነሣች። እኔም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኋት። አራቱ ልጆች ቆመው ሲነግሩኝ «ተሳስታችኋል» አልኋቸው። መሳቢያዬን ከፍቼ ደብዳቤውን አወጣሁ። ቀኑን ተመልከቱ አልኋቸው፤ የእህቴን እጅ ጽሕፈት ተመልከቱ፤ አንድ ትራስ ነው የምትንተራሰው፤ አንድ ትራስ የምትንተራስ ሴት በልብ ድካም አትሞትም። እንደ ፈተና ነበር የማስረዳቸው። ከመካከላቸው ትልቁ ልጅ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ፣ አጣጥፎ፣ ኪሴ ውስጥ መልሶ ከተተው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ስለ አባቴ ጭማሪም ነገርኋት። እትዬ ይህችን አልነገረቻትም ነበር። «ያለ ትራስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ደጋግማ ሞከረችው፤ አልሆነላትም።

ሐሙስ ዕለት አነበበች። ወላጅ አይገባምና ያወቅሁት ከአፏ ነው። አንብባ ስትጨርስ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንድ ልጅ «የተራኪው ወንድም ውሸታም ነው» አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ ውሸት ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ ለምን ይጽፈው ነበር ብላ ተነሣችበት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲከራከሩ ልጄ የብዕሯን ጫፍ ስትነክስ ቆየች። መምህርቷ ፍርድ አልሰጡም። ረቂቁን ሲመልሱላት ግን በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንዲት ጥያቄ ጽፈውበታል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ስንት ይላል?

«ስንት ይል ነበር አባዬ?»

አላውቅም። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ በየቀኑ ያችኑ እጠይቃለሁ፤ የገዛ እናቴን ቁጥር አላውቅም። ሰዓቴን አየሁ፤ አዲስ አበባ ነግቷል። በዚህኛው ጊዜ እትዬ ማን ሞተ አላለችም። ጥያቄዬን ሰምታ ትንሽ ቆየች።

«አራት» አለች። «አራት ብዬ ነበር። ኋላማ ትራሱም አልበቃት ብሎ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምታነጋው። አባባ ከኋላዋ ተቀምጦ ጀርባዋን ይይዝላት ነበር።»

ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ደብተሯን ከፍታ ታየኛለች። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ አራት ጣቴን አሳየኋት።